ስለ ወንጀል ምርመራ መጻሕፍትና ስለ ቤት ውስጥ ዳኝነት



መጽሐፍ ማንበብ የሚወድ ሰው በሁሉ ዘንድ ይመሰገናል። የሚያነበው ግን ስለ ሌባና ስለ ነፍሰ ገዳይ የተጻፈ ልብ ወለድ ታሪክ የሆነ እንደ ሆነ፥ ምስጋናው ወዲያው ወደ ነቀፋ ይለወጣል። አንዳንዱ ክፋትን ያስተምራል ይላል፤ አንዳንዱም የሥራ ፈት መጽሐፍ ነው ይላል። እኛ ግን ይህን ዓይነት መጽሐፍ በደስታ ከሚያነቡት ወገን ነንና፥ ደስታው ከምን እንደሚመጣና ለቤተ ሰብ ምን ጥቅም እንዳለው ጥቂት ቃል ልንናገር ፈቀድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ይህን ድርሰት የጀመረው ኤድጋር አለን ፖ የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፥ በ1841 ዱፓን የተባለ የፓሪስ ሰው በማስተዋል ብቻ የተሰወረ ነፍስ ግድያ ሲገልጥ የሚያሳይ ታሪክ አወጣ። በ1887 ደግሞ አርተር ኮናን ዶይል የሚባል ሐኪም ሼርሎክ ሆልምስን ለዓለም አስተዋወቀ። ደራሲው በ1893 ሆልምስን በስዊስ አገር ፏፏቴ ገድሎት ነበር፤ ነገር ግን የአንባቢው ሐዘንና ልመና ስለ በዛበት በ1903 እንዳልሞተ አድርጎ መለሰው። ከዚያም በኋላ አጋታ ክሪስቲ የምትባል እንግሊዛዊት በ1920 የመጀመሪያ መጽሐፏን አሳተመች፤ በ1934ም በበረዶ ተይዞ በቆመ ባቡር ውስጥ ስለ ተፈጸመ ግድያ የጻፈችው ታሪክ እስከ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ይነበባል። በአገራችንም ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪክን በመተርጎምና በመጻፍ፥ ይልማ ሀብተየስም በወንጀል ልብ ወለድ ብዙ አንባቢ አፍርተዋል።

ደስታው ከምን ይመጣል? ከደም መፍሰስ አይደለም፤ ደራሲውና አንባቢው በእኩል ሚዛን ከመከራከራቸው ነው። ሮናልድ ኖክስ የሚባል ካህንና ደራሲ በ1929 ለዚህ ድርሰት ዐሥር ደንብ ሲያወጣ፥ መርማሪው ያገኘውን ምልክት ከአንባቢው እንዳይሰውር፥ በአስማትና በመናፍስት ኃይልም እንዳይረዳ ከልክሏል። እንግዲህ ምስክሩ ሁሉ በፊታችን ተዘርግቶ ሳለ፥ መርማሪው ያስተዋለውን እኛ ሳናስተውል ስንቀር፥ በመጨረሻው ገጽ ራሳችንን ይዘን «እንዴት አላየሁትም!» እንላለን። በትክክል የገመትን እንደ ሆነም ሙግት እንደ ረታ ሰው ደስ ይለናል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ነው የሚል ቢኖር መጽሐፈ ሶስናን ያንብብ። ሁለት ሽማግሎች፥ እነርሱም ፈራጆች የነበሩ፥ በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መሰከሩ፤ ሕዝቡም ሽማግሎች ናቸው ብሎ አምኖ ሞት ፈረደባት። ዳንኤል ግን ሁለቱን ለየብቻ አቁሞ «በየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ፥ ሁለተኛውም ሌላ ዛፍ ጠራ፤ ሐሰቱም ተገለጠ። ደግሞ የቤል ካህናት ለጣዖቱ የቀረበውን ምግብ በስውር እየገቡ ሲበሉ፥ ዳንኤል በወለሉ ላይ አመድ ነሰነሰ፤ በማግሥቱም የእግራቸው ዱካ መሰከረባቸው። ሼርሎክ ሆልምስ ከዚህ የበለጠ ምን አደረገ?

በአገራችን ግን ሌላ ልማድ ደግሞ ነበረ። ሌባ ሻይ በሚባለው ሥርዓት አንድ ልጅ መድኃኒት እንዲጠጣ ይደረግና፥ ወገቡ ታስሮ እየተንከራተተ ሄዶ በወደቀበት ደጅ ያለው ሰው ሌባ ይባል ነበር። በአውጫጪኝ ደግሞ የአገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፥ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከል ነበር። አውጫጪኝ የአገሬውን ዕውቀት ስለሚጠይቅ ጥቂት ምክንያት አለው፤ ሌባ ሻይ ግን ምልክት ሳይመረምር ሰውን በድሏል። ሁለቱም ሥርዓቶች አልፈዋል፤ ነገር ግን ሌባ ሻይ ከብዙ ቤት ገና አልወጣም ብንል ሐሰት አይሆንብንም።

ይህንንም በሞጆ ከተማ ምሳሌ እንግለጠው። ሞጆ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ የሚከፈልባት፥ የባቡር ጣቢያና ደረቅ ወደብ ያለባት፥ መንገደኛ የማይታጣባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ስፍራ ከአንድ ቤት ሣጥን የወርቅ ቀለበት ጠፋ ቢባል፥ ምርመራው ሳይጀመር ፍርዱ ያልቃል። መጀመሪያ የምትጠረጠረው የቤት ሠራተኛዪቱ ናት፤ ቀጥሎም ትናንት ያደረው እንግዳ ነው። ልጅቱ ከገጠር የመጣች ዘመድ የሌላት ናትና የሚሟገትላት የለም፤ ደመወዝዋ ተይዞ ትባረራለች፥ ስሟም በሰፈሩ ሌባ ተብሎ ይቀራል። ከሳምንት በኋላ ቀለበቱ ከፍራሹ ሥር የተገኘ እንደ ሆነ ማን ፈልጎ አግኝቶ ይቅርታ ይለምናታል? በየትኛውስ ቤት ዳግመኛ እንጀራ ታገኛለች?

የምርመራ መጽሐፍ ያነበበ የቤት ጌታና እመቤት ግን ሌላ መንገድ ያውቃሉ። ዕቃው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ቁልፉ በማን እጅ ነበረ? በዚያ ሰዓት ማን በየት ነበረ? በእርግጥ ተሰረቀ ወይስ የተቀመጠበት ስፍራ ተረሳ? ብለው አስቀድመው ይጠይቃሉ። በመልካም መጽሐፍ ውስጥ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁሉ የሚጠረጥረው ሰው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛልና፥ ፍርድን ማዘግየት ከዚያ ይለመዳል።

ነገር ግን ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በመጽሐፉ መጨረሻ መርማሪው ሁሉን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ጥፋተኛውን በጣቱ ያመለክታል። ይህን በቤታችን ልናደርገው አይገባም፤ የመጽሐፉን መርማሪ እንዳይሳሳት ደራሲው ይጠብቀዋል፥ እኛን ግን የሚጠብቀን ደራሲ የለም። ነገሩ በእርግጥ ወንጀል መስሎ የታየ እንደ ሆነ ለፖሊስ ማስታወቅ እንጂ፥ መግረፍና ማሰር የባለቤት ሥልጣን አይደለም። ፖሊስም ቢሆን፥ በ1961 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተጠረጠረ ሰው ቃል እንዲሰጥ እንዳይገደድ ደንግጎበታል።

ኮናን ዶይል ራሱ ይህን ተረድቶ ነበር። ጆርጅ ኤዳልጂ የሚባል የአንድ ሕንድ ተወላጅ ቄስ ልጅ፥ በ1903 በሌሊት ፈረስ አቆሰለ ተብሎ ተፈረደበት። ዶይል ሰውዬው ዓይኑ እጅግ ደካማ መሆኑን ተመልክቶ፥ በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ይህን ሊያደርግ አይችልም ብሎ በጋዜጣ ተከራከረለት፤ በ1907ም ምሕረት ተደረገለት። ኦስካር ስሌተር ለሚባለውም በ1909 ሞት ተፈርዶበት በዕድሜ ልክ እስራት ለተለወጠለት እንግዳ ሰው በ1912 መጽሐፍ ጻፈለት፤ ፍርዱም በ1928 ተሻረ። ሁለቱም በአገሬው ዘንድ እንደ ባዕድ የሚታዩ ሰዎች ነበሩ፤ ጥርጣሬም አስቀድሞ የወደቀው በእነርሱ ላይ ነበር።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ከእራት በኋላ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበ ጊዜ አንድ የምርመራ ታሪክ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ መልካም ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲደርስ መጽሐፉ ይዘጋና፥ ልጆችም አዋቂዎችም ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ ከነምክንያቱ ይናገሩ። «መልኩ አያምርም» ወይም «እንግዳ ነው» የሚል ምክንያት አይቆጠርለትም። እንዲህ የለመደ ልጅ አድጎ ሹም ወይም ዳኛ ወይም የቤት ጌታ በሆነ ጊዜ፥ በፊቱ የቆመውን ድኻ ከመኰነኑ በፊት ማስረጃውን ይጠይቃል። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ።