አዲስ የወባ መድኃኒት ሲመጣ ባለሙያውን የሚያስተምረው ማን ነው?

ከሚሴን ከብበው ያሉት የጨፋ ሜዳና የቦርከና ወንዝ ለከብቱም ለመስኖውም እንደሚመቹ ሁሉ ለወባ ትንኝም ይመቻሉ። ክረምቱ ሲወጣ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ጤና ጣቢያዎች የሚሰለፈው ትኩሳት የያዘው ሰው የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ታመዋል፤ 1ሺህ 157 ሰዎችም ሞተዋል።

ስለ ወባ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው መድኃኒቱ መድረሱን ነው። ማዘዣውን የሚጽፈው ባለሙያ መድኃኒቱን ምን ያህል ያውቀዋል የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም።

በ1996 ዓ.ም. ፋንሲዳር በኮአርተም ሲተካ የሆነውን እናስታውስ። ፋንሲዳር ለአዋቂ አንድ ጊዜ ሦስት ፍሬ ተውጦ ያበቃ ነበር። ኮአርተም ግን በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነም ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ይህን በወጉ ያልተማረ ባለሙያ ለታማሚው ሊያስረዳ አይችልም። ታማሚው ደግሞ ትኩሳቱ ሲለቀው ቀሪውን ኪስ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

አሁን ያለው ፈተና ከዚያም ይከብዳል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል። የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን በዓለም ላይ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ቢሆንም፣ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በስፋት መታዘዝ የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ስለዚህ ለብዙ ባለሙያዎች አዲስ ነው። በተለመደው አወሳሰድ 14 ቀን ይዋጣል፤ መጠኑ በክብደት ይለካል፤ ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ያስተምር? የግል ክሊኒኮችና ፋርማሲዎች ደጃፍ የመድኃኒት ኩባንያ ተወካይ አይጠፋም። ሲመጣ ግን የሚያስቀድመው የመድኃኒቱን ጥቅም ነው፤ ሥራውም ይኸው ነው። የወባ መድኃኒት በመንግሥት የጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ፕሪማኩዊንን ሊያስተዋውቅ ከሚሴ ድረስ የሚመጣ ሻጭ የለም። አስተማሪው ራሱ የጤና ሥርዓቱ መሆን አለበት ማለት ነው።

ለዚህ መንገድ አለ። የጤና ባለሙያ የሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰድ ግዴታው ነው። ችግሩ ሥልጠናው በከተማ ሆቴል ሲሰጥ ከአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ይላካል፤ ሌሎቹ ከእሱ የሚሰሙት ፍርፋሪውን ነው። ማዘዣውን የሚጽፉት ደግሞ በአብዛኛው ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። በእኛ አስተያየት ሥልጠናው እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ እውነተኛ ታማሚ እየታየ ቢሰጥና ለፈቃድ እድሳቱ ቢቆጠር ይሻላል።

ቋንቋውም መረሳት የለበትም። የአካባቢው ሰው ወባን «ቡሳ» ይላል። ሥልጠናውና ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ቢሆኑም የ14 ቀኑ ምክር በአፋን ኦሮሞ ካልተነገረ መንገድ ላይ ይቀራል። በበጋ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ የሚወርደውን አፋር አርብቶ አደርም እናስብ። በሳምንቱ ተመልሶ እንዲታይ የሚቀጠረው ሰው በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። አደገኛ ምልክቶቹ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊነገሩት ይገባል።

እናንተም ፕሪማኩዊን ሲታዘዝላችሁ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ከስድስት ወር በታች ሕፃን የምታጠቡ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት መድኃኒት ወስዳችሁ አልያም ባቄላ በልታችሁ ሽንታችሁ ጠቁሮ የሚያውቅ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። መድኃኒቱን ምግብ በልታችሁ ውሰዱ። ትኩሳቱ ቢለቃችሁም ቀኑን ጨርሱ። ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያም ይዛችሁ ሂዱ።