ሰንጠረዡና የወተት ጥርስ

ልጆቻችን የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ሲያጠኑ ስንሰማ፣ ከማዕዳችን የራቀ ነገር ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። በአንድ ዓምድ የተሰለፉት በጠባይ ይመሳሰላሉ፤ ወደ ታች በወረድን መጠንም የአቶማቸው ግዝፈት ይጨምራል። ስትሮንቲየም ከካልሲየም በታች ቀጥሎ የሚገኝ ዘመዱ ነውና፣ አጥንት እንደ ካልሲየም አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ከአቶም ቦምብ ሙከራ የወጣው ስትሮንቲየም 90 በሣርና በላም ወተት አልፎ ወደ ሕፃናት አጥንትና ጥርስ ገባ። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ፣ ወላጆች የልጆቻቸውን የወለቀ የወተት ጥርስ ለምርመራ ሰጡ፤ ውጤቱም ይህንኑ መሰከረ። በ1963 በአየር፣ በጠፈርና በባሕር ውስጥ የሚደረገውን ሙከራ የሚከለክል ውል ተፈረመ። እንግዲህ ልጆቻችን ሰንጠረዡን ሲያጠኑ፣ አጠገባቸው ተቀምጠን እናዳምጥ።