ይድረስ ለጋሽ ዱሊ፤ አርቸር ጎዳና፣ ቺካጎ

ጋሽ ዱሊ፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም፤ ሰው ሆነው አልተወለዱምና አይታመሙም። የተወለዱት በኦክቶበር 1893 (ዘመኑን ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በቺካጎው ኢቪኒንግ ፖስት ጋዜጣ ገጽ ላይ ነው። አባትዎ ፊንሊ ፒተር ደን ያኔ ገና የ26 ዓመት ጋዜጠኛ ነበር። እርስዎ ግን መነጽር ሰክተው፣ ባንኮኒ ተደግፈው፣ ከአየርላንድ ሮስኮመን የመጡ አንጋፋ ባለ መጠጥ ቤት ሆነው ከች አሉ። ልጅ ከአባቱ ታላቅ ሆኖ ሲወለድ ያየሁት በእርስዎ ነው።

ታላቅ ወንድምም ነበረዎት። ደን ከእርስዎ በፊት በመሀል ከተማ ያለ አንድ እውነተኛ ባለ መጠጥ ቤት እያሰበ፣ በሌላ ስም እያናገረ ይጽፍ ነበር። ሰውየው ደንበኞቹ ቢያላግጡበት ጊዜ ተቆጣ፣ ለጋዜጣው ባለቤትም አቤት አለ። ደንም ወሬውን ሰብስቦ የአየርላንድ ስደተኞች ወደሚኖሩበት ወደ ብሪጅፖርት ሰፈር ወሰደው። ለዚያ ለተቆጣው ሰውዬም ምስጋናዬ ይድረሰው። ባይከፋው ኖሮ እርስዎ አይኖሩም።

ይህን የምጽፈው ስለ መጻሕፍትዎ ላመሰግንዎ ነው። የመጀመሪያው “ሚስተር ዱሊ በሰላምና በጦርነት” በ1898 ቦስተን ታተመ፤ ከዚያ ሌሎቹ ተከታተሉ፤ እስከ 1919 ድረስ ሄዱ። ከሁሉ የማደንቅልዎ በሰው መሳቅ ሲጀምሩ ከገዛ ሰፈርዎ ሰው መጀመርዎን ነው። ሩቅ ባለ ሰው መሳቅ ማንም ይችላል። ነገ ጠዋት በራፍዎ ላይ በሚያልፍ፣ ማታ ተመልሶ ከባንኮኒዎ በሚቀመጥ ሰው ላይ ሲሆን ግን ሐቀኛም ጠንቃቃም መሆን ግድ ነው።

በዚያን ዘመን የቺካጎ ምክር ቤት አባላት ለከተማ ባቡር ኩባንያዎች ፈቃድ እየሰጡ ጉቦ እንደሚበሉ ያላወቀ አልነበረም። ከእነዚያ ውስጥ ብዙዎቹ የእርስዎው የአየርላንድ ልጆች ነበሩ። ጋዜጣው በደህና እንግሊዝኛ ሌባ ብሎ ቢጽፍ ክስ ይመጣበታል። ነገር ግን አንድ የሰፈር ሽማግሌ በአየርላንድ አነጋገር ብርጭቆ እየወለወለ ቢናገረውስ? ማን ይከሰሳል? ደን ራሱ ኋላ እንደተናገረው ዘዬው ጋሻ ሆነለት። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ይህ ዘዴ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆነው በየሳምንቱ፣ በጋዜጣ ላይ፣ ለቁጥር እስኪታክት መሠራቱ ነው።

ዝም ብለው ግን አልሳቁም። በ1894 የፑልማን የባቡር ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ጆርጅ ፑልማን ደመወዛቸውን ቀንሶ፣ እሱው በሠራላቸው ከተማ የሚያከራያቸውን ቤት ኪራይ ግን እንዳለ ተወው። የፌዴራል ወታደር ገባ፣ አድማው ተመታ፣ ቤተሰቡ በረሀብ ተቀጣ። በዚያ በጋ ከእርስዎ አንደበት የወጣው ጽሑፍ ቀልዱን ወደ ጎን ያደረገ ነበር፤ ሕፃናት ሲራቡ ባለጸጋው ምን እንደሚሰማው ጠየቁ፣ መልሱንም ራስዎ ሰጡ፦ ምንም። ደን ያን ቀን ወደ ማተሚያ ክፍሉ ሲገባ ፊደል ለቃሚዎቹ የያዙትን መልቀሚያ በፊደል ሣጥኑ ላይ እየመቱ፣ ኋላም እያጨበጨቡ ተቀበሉት ይባላል። ጽሑፉን ፊደል በፊደል በእጃቸው የለቀሙት እነሱ ናቸው፤ ከአንባቢ ሁሉ በፊት ያነበቡትም እነሱ ናቸው። እኔ ደራሲ ብሆን ከየትኛውም ሽልማት ይልቅ ያንን የእንጨት ኳኳታ እመርጥ ነበር።

ከዚያ 1898 መጣ፣ ከስፔን ጋር ጦርነት ተነሣ። አገር በሙሉ ባንዲራ ይዞ ወጣ። አድሚራል ዴዊ ማኒላ ላይ የስፔንን መርከቦች ሲያወድም እርስዎ ምን አሉ? ዴዊና ዱሊ ስማችን አንድ ነው፣ ዘመዴ ነው፣ ጆርጅ የአጎቴ ልጅ ነው አሉ። በዚህች ቀልድ ከቺካጎ ወጥተው አገር አወቀዎ፤ ጋዜጦች እየተቀባበሉ አተሙዎ። ጉራውን ሁሉ በራስዎ ላይ አድርገው ስላወሩት ሕዝቡ ራሱን በእርስዎ አየና ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ ፊሊፒንስን እንያዝ የሚለው ክርክር ሲጀመር ደግሞ ሰዉ ስለ ደሴቶቹ የሚያውቀው ከምን እንደሆነ፣ ከነጭራሹ ደሴት መሆናቸውንስ ማን እንደሚያውቅ ጠየቁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ እንደሚለው እርስዎ በ25 ዓመት ውስጥ ከሰፈርዎ የወጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቢሆንም እዚያው ተቀምጠው ዋሽንግተን ካሉት ይልቅ አርቀው ያዩ ነበር።

የቴዎዶር ሩዝቬልት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሰውየው ኩባ ላይ ስለ ዘመተበት ክፍለ ጦር በ1899 መጽሐፍ አሳተመ። እርስዎ መጽሐፉን ለደንበኛዎ ለሄነሲ ተረኩለት። በእርስዎ ትረካ ሩዝቬልት ጦሩን ብቻውን አደራጀ፣ ኮረብታውን ብቻውን ወጣ፣ ጠላትን ብቻውን ፈጀ፤ ሌላው ወታደር ቢኖርም ለአድናቆት ነው። መጨረሻ ላይ እኔ ብሆን መጽሐፉን “ብቻዬን በኩባ” እለው ነበር ብለው ዘጉት። ሩዝቬልት ያኔ የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ነው፤ ቢቀየም ያምርበት ነበር። እሱ ግን ለደን ደብዳቤ ጻፈለት፦ ቤተሰቤም ወዳጆቼም በትችትህ ተደስተዋል፣ አሁን ባለዕዳዬ ነህና መጥተህ ጎብኘኝ የሚል መንፈስ ያለው። ወዳጆች ሆኑ። ኋላ ሩዝቬልት ራሱ እየሳቀ ያወራ እንደነበረው፣ አንዲት ወጣት መጽሐፍዎን ሁሉ አንብቤያለሁ ብላ ቀረበችው፤ የትኛውን ወደድሽ ቢላት “ብቻዬን በኩባ” አለችው።

ይህን ወዳጅነት ስሰማ ጥርጣሬ አያጣኝም። ባለሥልጣን ከሚስቅበት ሰው ጋር አብሮ ሲስቅ ስላቁ ጥርሱን ይጥላል ብዬ አስባለሁ። የእርስዎ ግን አልወለቀም። ሩዝቬልት በፕሬዚዳንትነትም ዘመን ከእርስዎ አላመለጠም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አላመለጠም፤ በ1901 ሕገ መንግሥቱ ባንዲራውን ተከትሎ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል ወይስ አይሄድም ተብሎ ሊቃውንት ሲከራከሩ፣ እርስዎ ፍርድ ቤቱ የምርጫውን ውጤት ተከትሎ እንደሚሄድ ነገሩን። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤቱ አወዛጋቢ ውሳኔ በሰጠ ቁጥር ይቺ አባባል ትነሣለች።

ጋዜጣ የተጎዳውን ሊያጽናና፣ የደላውን ሊያስጨንቅ ነው የሚለው አነጋገርም ከእርስዎ ነው። ጋዜጠኞች የሙያቸው መሪ ቃል አድርገውታል። ምንጩን ሄዶ ያነበበ ግን ይስቃል፤ እርስዎ ያሉት ጋዜጣ ሁሉም ነገር ውስጥ እጁን እየከተተ፣ ፖሊስም ባንክም ሕግ አውጪም ካልሆንኩ ማለቱን ሲያሾፉበት ነበር። የገዛ ቤትዎን ሲተቹ የተናገሩትን የቤቱ ሰዎች ለሽልማት ወሰዱት።

ሄነሲን ሳላነሣ ብቀር ነውር ነው። ከብረት ፋብሪካው ደክሞ የሚመጣ፣ የልጆች መዓት አባት። መንገድ ላይ የሰማትን አንድ ነገር ያነሣል፣ እርስዎ ገጽ ሙሉ ይመልሳሉ፣ እሱ በመጨረሻ አጭር ቃል ጣል ያደርጋል። አንዳንዴ ያቺ አጭር ቃል የእርስዎን ፍልስፍና ሁሉ ታፈርሳለች። ደን ያንን ቦታ ለሄነሲ መተዉ ትልቅ ችሎታ ነው። ብዙ የስላቅ ጸሐፊ የሚያዳምጠውን ሰው ሞኝ አድርጎ ሲስል ነው የሚሸነፈው።

ቅሬታ የሌለበት ምስጋና ሽንገላ ይመስላልና ቅሬታዬንም ልንገርዎ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ጥቁሮች፣ ስለ ቻይናውያን፣ ስለ ፊሊፒናውያን የሚመጡ ቃላት አሉ፤ ዘመኑ እንዲያ ነበር ቢባልም ሲነበቡ ያማሉ። ለፊሊፒናውያን ሲከራከሩ እንኳ ቃሉ ይጎረብጣል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ እነዚያ ሰዎች ባንኮኒዎ ላይ ቁጭ ብለው አያውቁም። የሚያውቁትን ሲነኩ የጠራው ሳቅ የማያውቁትን ሲነካ ይደፈርሳል።

ደግሞም ቶሎ ዝም አሉ። ደን በ1900 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ፣ ከባለጸጎች ጋር ዋለ፣ በ1927 አንድ ሀብታም ወዳጁ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር አወረሰው፤ ከዚያ በኋላ ብዕር ለማንሣት የሚያጣድፈው ነገር አልነበረም። በ1936 ሞተ። ሚስቱ ማርጋሬት አቦት በ1900 ፓሪስ ላይ በጎልፍ አሸንፋ ነበር። ውድድሩ የኦሎምፒክ መሆኑን ሳታውቅ፣ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት የኦሎምፒክ ባለድል መሆኗንም ሳታውቅ በ1955 አረፈች። ይህን እርስዎ ቢሰሙት ለሄነሲ ሙሉ ምሽት ያወሩለት ነበር።

ሌላም የምወድልዎ ነገር አለ። የእንግሊዝ አሳታሚዎች ሳያስፈቅዱ መጽሐፍዎን አትመው ሲሸጡ፣ ደን ሁለተኛውን መጽሐፍ ለእነሱው ለሰራቂዎቹ መታሰቢያ አደረገው፤ ስማቸውን ጠርቶ፣ ሳይጠሩ ላስተዋወቁን ብሎ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ሌላም ሰው ያነበዋል። ለዚያ አንባቢ አንድ ቃል፦ የዱሊ መጻሕፍት የቅጂ መብታቸው አልፏል፤ ዋና ዋናዎቹን ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ማንም በነፃ ያገኛቸዋል። በዓይን ብቻ ከተነበቡ ግን ሆሄያቱ ያሰናክላሉ፣ የተጻፉት አፍ እንደሚለው ነውና። ጋሽ ዱሊ የሩዝቬልቱን መጽሐፍ ከተረኩበት ምሽት ይጀምሩ፤ ድምፅ አውጥተውም ያንብቡ።

አክባሪዎ