ወባ ኬላ አያውቅም፤ ነርሷ ግን ታውቃለች!

ኧረ ጎበዝ! በዚህ አገር ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ያለ ደብዳቤ የሚሻገረው ወባ ብቻ ሆኖ ቀረ እኮ!

ከአሶሳ እንጀምር። እስቲ አንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ እናስብ። ፈተናዋን አለፈች፣ ትምህርት ሚኒስቴር አሶሳ ዩኒቨርሲቲ መደባት። ያን ጊዜ አገሩ አንድ ነው፤ መልቀቂያ የጠየቃት የለም። ነርስነት ተማረች፣ ተመረቀች። ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ፈተና ተፈተነች። ፈተናው አገር አቀፍ ነው፤ ለጎንደሩም ለአሶሳውም ጥያቄው ያው ነው። አለፈች፣ እዚያው አሶሳ ፈቃድ አውጥታ ሁለት ዓመት ወባና ወሊድ ስታክም ቆየች።

ጉዱ የሚመጣው እናቷ ታመው "ልመለስ" ያለች ዕለት ነው። ፈቃድ መስጠቱና ማደሱ በየክልሉ ጤና ቢሮና ተቆጣጣሪ እጅ ነዋ! "የዚያ ክልል ፈቃድሽ ለዚያ ክልል ነው። መልቀቂያሽስ? የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ አምጪ። ማስረጃሽም ይጣራ።" ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ሐሙስ ተመለሺ! ደብዳቤው ያለው ደግሞ አሶሳ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ አድርጎ። ይህ መንገድ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በጸጥታ ችግር ስንቴ እንደተዘጋ የወለጋ ሾፌር ይንገራችሁ። በ2013 መተከል ሲታመስ የነበረውንማ ማን ይረሳል?

"የሐሰት ዲግሪ በዝቷል" ይሉናል። እውነት ነው፣ በዝቷል፤ ይጣራ! ግን አንድ ጊዜ በአገር ደረጃ የተጣራ ማስረጃ ጉሙዝ ምድር ላይ እውነተኛ ሆኖ ሸዋ ሲደርስ የሚያጠራጥረው በምን ምክንያት ነው? "ቋንቋስ?" ይላሉ። እሱም ትክክል ነው፤ በርታኛ ብቻ የሚናገር በሽተኛ የሚገባውን ነርስ ይሻል። ይህ ግን የቅጥር መመዘኛ እንጂ የሙያ ፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት የለመደብን ነው።

ሕገ መንግሥቱን እንጥቀስ ካላችሁም አንቀጽ 41 ማንም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ በአገሪቱ ውስጥ መሰማራት ይችላል ይላል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች ለሥራ የሚያወጡት የትምህርትና የልምድ መመዘኛ ከአገሪቱ መመዘኛ ጋር እንዲቀራረብ ያዛል። ክልል የሚለው ቃል "ከለለ" ከሚለው እንጂ "ከለከለ" ከሚለው የመጣ አይመስለንም ነበር!

ፌዴራሊዝምን ስናወራ አፋችን ላይ የማትጠፋው አሜሪካ እንኳ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነርሶች ፈቃድ ስምምነት አላት፤ ዛሬ ከ40 በላይ ግዛቶች ገብተውበታል። በአንዱ አባል ግዛት የተሰጠ ፈቃድ በሌላውም ያሠራል። ሩቅ ለምን እንሄዳለን? ልዕልት ፀሐይ ነርስነት የተማሩት ለንደን ነው፤ ያረፉት ደግሞ በ1934 ዓ.ም እዚያው አሶሳ መንገድ ላይ፣ ነቀምት ነው። የለንደን ትምህርት ወለጋ ላይ አይሠራም ያላቸው ነበር እንዴ?

በኩርሙክ በኩል ከ2015 ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ የሚገባው ሕዝብ ነርስ ይፈልጋል። የባምባሲ እናት ነርስ ትፈልጋለች። ነገር ግን "አንዴ አሶሳ ፈቃድ ካወጣሁ መውጫ የለኝም" ብላ የምትፈራ ተመራቂ መጀመሪያውኑ ለምን ትሄድላቸዋለች? ክልሉ የሚጎዳው በገዛ አጥሩ ነው።

የፈተነው ጤና ሚኒስቴር ነው። ታዲያ አንድ መዝገብ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፈቃድ ማውጣት ምን ከለከለው? የክልል ቢሮዎችስ ደብዳቤውን በባለሙያዋ ጫንቃ ከማስጎተት ስልክ አንስተው "ታውቋታላችሁ ወይ?" ቢባባሉ ምን ይጎድልባቸዋል? የሚመለከተው ባለሥልጣን መልስ ካለው ዓምዳችን ክፍት ነው።