ጤፍ ሰፍሮ ሰጥቶ «እንጀራ አበላሁ» ማለት

ግጥሞቼን በመጽሐፍ መልክ ለመደርደር የሚረዳ አንድ ነፃ ፕሮግራም በቅርቡ ከኢንተርኔት አወረድሁ። ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ተገንብቶ ያለቀለት፣ ከፍቶ መጠቀም ብቻ የሚቀረው መሆኑም ተጽፎበታል። ከደመወዜ ቆጥቤ በገዛሁት የሞባይል ዳታ አውርጄ ስከፍተው ግን አንዲት መስመር ብቻ አሳየኝ፦ የጂሊብሲ 2.34 እትም አልተገኘም።

ጂሊብሲ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ሲስተሞች ላይ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የጋራ ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ስል ቤተ መጻሕፍት ማለቴ አይደለም፤ ፋይል እንደ መክፈት ያሉ የዘወትር ተግባራትን እያንዳንዱ ፕሮግራም እንደ አዲስ እንዳይጽፍ በአንድ ስፍራ የያዘ የጋራ ቋት ነው። በእኔ ኮምፒዩተር ያለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የወጣው 2.31 ሲሆን፣ የተጠየቅሁት 2.34 የወጣው በነሐሴ 2021 ነው። ከደጃፍ ያስቀረኝ የአንድ ዓመት ተኩል ልዩነት ነው።

ለአዘጋጁ ብጽፍለት «ሲስተምህን አድስ፤ ካልሆነም ምንጩ ክፍት ነውና ራስህ ገንባው» አለኝ። ለመሆኑ ይህ እንግዳ ጠርቶ፣ ጤፍ ሰፍሮ፣ «ፈጭተህ፣ አቡክተህ፣ ጋግረህ ብላ» ከማለት በምን ይለያል?

ጥፋቱ የአሮጌው ኮምፒዩተር አይደለም። በአሮጌው ጂሊብሲ ላይ የተገነባ ፕሮግራም በአዲሱም ላይ ይሠራል፤ በአዲሱ የተገነባው ግን በአሮጌው ላይ እምቢ ሊል ይችላል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩ አይጠፋኝም፤ አሮጌ የቁጠባ ደብተር የያዙ እናት ወደ መስኮቴ ሲቀርቡ «ዘመኑ አልፎበታል» ብዬ አልመልሳቸውም። እንግዲያውስ አሰራጩ ሊያገለግለው ካሰበው ሲስተም ሁሉ በአሮጌው ላይ ይገንባ! የፓይተን ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን 2.17 እትም መነሻ ያደረገ የማሰራጫ መስፈርት አውጥተው እንደሚቻል አሳይተዋል።

«ላይብረሪውን ሁሉ ጠቅልሎ መላክ ይሻላል» የሚሉም አሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በኦፕንኤስኤስኤል ላይ ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ የጋራውን ቅጂ አንድ ጊዜ ማደስ ለብዙ ፕሮግራሞች ሲበቃ፣ ቅጂውን በሆዱ የያዘ ሁሉ በየፊናው መጠገን ነበረበት።

አዘጋጆች ብቻቸውን እንዳይወቀሱ ይህንንም ልጨምር። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በዚያው ዓመት በዴብኮንፍ ጉባኤ ላይ፣ ሰብሰርፌስ የተባለውን የጠላቂ ዋናተኞች ፕሮግራም ለዊንዶውስና ለማክ ገንብተው ሲያሰራጩ ለሊኑክስ ግን እንደማያደርጉት ተናግሮ አማርሯል። የሊኑክስ ዓይነቶች በየራሳቸው ላይብረሪ መለያየታቸው ድካሙን አብዝቶታል። ድካሙ ግን እውነት ቢሆንም፣ አቅም ባነሰው ተጠቃሚ ትከሻ ላይ መጣሉ ፍትሕ አይደለም። ነፃነት ምንጭን በመክፈት ብቻ አይፈጸምም፤ ተቀባዩ እጅ ደርሶ መሥራትም አለበት።

ለራበው እንግዳ ጤፍ ቢሰፍሩለት፣
እንጀራ አይባልም ካልጋገሩለት።