ድምፅ የሌለው ፓስፖርት

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመምረጥ መብት በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል፤ ክርክሩም «የሌላ አገር ዜጋ በእኛ ምርጫ ምን አገባው?» በሚል ጥያቄ ይዘጋል። ለዚህ ጥያቄ ሕጉ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። የ1996 ዓ.ም. የዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም አይመርጥም፣ አይመረጥም።

እውነተኛው ጥያቄ ያለው በሪያድ፣ በቤሩትና በዱባይ ነው። እዚያ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ከኢትዮጵያ ፓስፖርት በቀር ሌላ የላቸውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ የመምረጥ መብት ሲሰጥ በውጭ የሚኖረውን አልለየም። የ2011 ዓ.ም. የምርጫ አዋጅ ግን መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖሩን ስለሚጠይቅ፣ መብታቸው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ቀርቷል።

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አገደ፤ በዚያው ዓመት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመለሱ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ስምሪት አዋጅ ደግሞ ለሥራ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል እንዲያጠናቅቅ ደነገገ። ውሳኔው ደግም ይሁን ክፉ፣ ከወሳኞቹ አንዱም ቢሆን በእነዚህ ሠራተኞች ድምፅ እወድቃለሁ ብሎ የሚሰጋ አልነበረም። ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ እንዲገዙ ሲጠየቁ ግን የስድስት ወር ነዋሪነት የጠየቃቸው የለም።

ተቃውሞው ክብደት አለው። ኤምባሲ የአስፈጻሚው ክንድ ነው፤ ኮሮጆ ቢሰጡት የሚያምነው ጥቂት ነው። የአስተናጋጁ አገር ፈቃድም ያስፈልጋል፤ አሠሪዋ ከቤት የማታስወጣት ሠራተኛ ጣቢያው በር ላይ ቢከፈት እንኳ አትደርስም። ይህ ሁሉ ግን አሠራርን የሚመለከት ነው እንጂ መብቱን የሚሽር ምክንያት አይደለም። ወታደሩ በካምፑ፣ ተፈናቃዩም በመጠለያው ድምፅ እንዲሰጥ ልዩ ጣቢያ ተቋቁሟል። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ሱዳናውያን ለየሕዝበ ውሳኔያቸው እዚሁ አዲስ አበባ ድምፅ ሰጥተዋል። ለእንግዳ የተከፈተ በር ለልጅ ሊዘጋ አይገባም።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በጎረቤት አገሮች ላሉ ዜጎቿ ጣቢያ ከፍታ ጀመረች፤ ኋላም ደረጃ በደረጃ አሰፋችው። እኛም ምርጫ ቦርድ ራሱ በሚያስተዳድራቸው፣ የፓርቲ ወኪሎችና ታዛቢዎች በሚገኙባቸው ጣቢያዎች፣ በአንድ ሁለት ከተሞች ልንጀምር እንችላለን። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤትን መቀመጫ እስከ 550 ይፈቅዳል፤ በ2013ቱ ምርጫ የነበሩት 547 ናቸው። ልዩነቱ ሦስት ወንበር ነው። ሕጉን አሻሽለን እነዚህን በውጭ ለሚኖሩ ዜጎች ብንሰጥ አገር አይናጋም፤ ስለ ሥራ ስምሪት በሚመከርበት ጉባኤ ግን ለእነዚያ እኅቶች የሚጠየቅ እንደራሴ ይኖራል።