የመኪና ካሳ የሚቈረጠው ከአደጋው በፊት ነው

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ፣ እንዲሁም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚያዘቀዝቀውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ፣ ጭጋግና ገደል ለጭነት መኪና ምን ያህል አስፈሪ እንደ ሆኑ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። አደጋ ደርሶ ሰው ተርፎ ንብረት ብቻ የጠፋ እንደ ሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከምስጋናው በኋላ ባለንብረቱ ሰነዱን ይዞ ወደ መድን ድርጅት በሄደ ጊዜ የሚነገረው የካሳ ልክ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ አደጋ ይሆንበታል። መኪናው ከጥገና ውጭ ሆኖአል፤ የሚከፈለው ገንዘብ ግን የመኪናውን ግማሽ እንኳ የማይገዛበት ጊዜ አለ።

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ፣ አልዩ አምባም የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ በነበሩበት ዘመን፣ በቅሎው ከነጭነቱ ገደል የገባበት ነጋዴ ተስፋው ዘመድና የመንገድ ባልንጀራ ብቻ ነበር። የዛሬው ነጋዴ በዘመድ ፈንታ ውል አለው። ይሁን እንጂ ውል እንደ ዘመድ አያዝንም፤ የተጻፈበትን ብቻ ይፈጽማል። ስለዚህ ከአደጋ በኋላ የሚነሣው ክርክር አብዛኛው፣ ሥሩ ሲፈለግ፣ የሚገኘው በገደሉ አፋፍ ሳይሆን ውሉ በተፈረመበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ የሚለውን ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበሮች የሚናገሩት ክፍሎቹ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1243 ቢተኩም፣ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል እንደ ጸና ነው። በዚሁ ሕግ ቍጥር 678 እንደ ተደነገገው የንብረት መድን ውል የካሳ ውል ነው፤ የካሳውም ልክ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ አይችልም። መድን ኪሳራን መመለሻ እንጂ ማትረፊያ አይደለምና ሕጉ ትክክል ነው። ሁለተኛው ወሰን ደግሞ በፖሊሲው ላይ የተጻፈው የመድን መጠን ነው፤ ድርጅቱ ዓረቦን የተቀበለው በዚያ ልክ ስለ ሆነ ከዚያ በላይ ለመክፈል አይገደድም። እንግዲህ ካሳው ከሁለቱ ቍጥሮች ከሚያንሰው አያልፍም ማለት ነው።

በብዙ የውጭ አገሮች የመኪና ዋጋ በየዓመቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በባለመኪናውና በመድን ድርጅቱ መካከል የሚነሣው ክርክር ስለ እርጅና ቅናሽ ነው። በኢትዮጵያ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ በባንክ ከ57 ብር በላይ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ለዓመታት የነዳው መኪና በብር ሲታሰብ ከተገዛበት በላይ የሚያወጣ ሆነ። መኪናው እያረጀ ዋጋው ሲጨምር፣ በፖሊሲው ላይ የተጻፈው ቍጥር ግን ባለበት ቆሞ ይቀራል።

ይህ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ የደብረ ብርሃን የእህል ነጋዴ የጭነት መኪናውን በ1,800,000 ብር መድን አስገብቶአል እንበል። አደጋው በደረሰበት ቀን የዚያ ዐይነት መኪና በገበያ 3,000,000 ብር ያወጣል። መኪናው ሙሉ በሙሉ ከወደመ ነጋዴው ከ1,800,000 ብር በላይ አያገኝም፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ባለንብረቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ ይቀነሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ መኪናው በከፊል በተጎዳ ጊዜ የሚሆነውን ነው። ከዋጋ በታች መድን የገባ ሰው ለጎደለው ክፍል ራሱን በራሱ መድን እንዳስገባ ይቈጠራል። ስለዚህ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ለ600,000 ብር ጥገና የሚከፈለው እንደ መጠኑ 60 በመቶው፣ ማለት 360,000 ብር ሲሆን፣ 240,000 ብር ከነጋዴው ኪስ ይወጣል። ዓረቦን ለመቈጠብ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ያስመዘገበ ነጋዴ ቈጠበ የሚባለው እስከ አደጋው ቀን ድረስ ብቻ ነው።

ዋጋውን ከልክ በላይ ማስመዝገብም መፍትሔ አይሆንም። 3,000,000 ብር የሚያወጣውን መኪና በ4,000,000 ብር ያስመዘገበ ሰው የሚከፈለው ያው በአደጋው ቀን የነበረው ዋጋ ነው፤ በትርፉ ላይ የከፈለው ዓረቦን ከንቱ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው እውነተኛውን የገበያ ዋጋ ማስመዝገብና በዓመቱ መካከል ዋጋው ቢለወጥ በጽሑፍ ጠይቆ የመድኑን መጠን ማስጨመር ነው።

በዚህ ነገር ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ አይደለም። ውሉ በየዓመቱ በሚታደስበት ጊዜ ያለፈውን ዓመት ቍጥር እንዳለ ገልብጦ ዓረቦን መቀበል ለመድን ድርጅት ሠራተኛ ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን የገበያውን ዋጋ በየቀኑ የሚያየው፣ ገማች ያለውና ስንት መኪና እንደ ወደመ የሚያውቀው ድርጅቱ ነው። «ይህ የመድን መጠን ከገበያው ዋጋ ያንሳልና ቢያስቡበት» የሚል አንድ መስመር በማደሻው ደብዳቤ ላይ ቢጽፍ ብዙ ክርክር በቀረ ነበር። የመድን ድርጅቶች በበኩላቸው፣ ያልተከፈለበትን ካሳ ቢከፍሉ ገንዘቡ የሚወጣው ዓረቦናቸውን በትክክል ከከፈሉት ደንበኞች እንደ ሆነ ይናገራሉ። ቃላቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ደንበኛን አስቀድሞ ከማስጠንቀቅ ነፃ አያደርጋቸውም። የመድን ሥራ በ1968 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ድርጅት ከተጠቀለለ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 86 ለግል ኩባንያዎች ተከፍቶአል፤ ነጋዴው ዛሬ ምርጫ አለውና በእድሳት ቀን ጠይቆና አወዳድሮ መዋዋል ይችላል።

አደጋው ከደረሰ በኋላስ? የመጀመሪያው ነገር ጊዜ ነው። ሕጉ ባለመድኑ አደጋውን እንዳወቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ፣ ለመድን ሰጪው እንዲያስታውቅ ያዛል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ የደረሰበትም ቀን ተፈርሞ ይያዝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ ሊብሬው፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ ከቦታው የተነሣው ፎቶግራፍ ሁሉ ቅጂያቸው በነጋዴው እጅ ሊቀር ይገባል። ክስ የማቅረብ መብትም ለዘላለም አይኖርም፤ በሕጉ መሠረት ሁለት ዓመት ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። «ነገ ና» እየተባለ ሲመላለስ ዓመታቱ እንዳያልፉበት ነጋዴው ቀኑን ይቍጠር።

ሁለተኛው ነገር ማስረጃ ነው። የድርጅቱ ገማች ያቀረበው ዋጋ አነስተኛ መስሎ ከታየ መቈጣትም መለመንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው «ይህ ቍጥር ከምን ተነሥቶ ተገኘ?» ብሎ የግምቱን ዝርዝር በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ከዚያም ባለንብረቱ በሞዴልም፣ በተሠራበት ዘመንም፣ በሞተር ጉልበትም ተመሳሳይ የሆኑ መኪናዎች በቅርብ የተሸጡበትን ዋጋ የሚያሳይ ሰነድ፣ ከሻጮች የተገኘ ፕሮፎርማ፣ እንዲሁም የሞተር እድሳትና የአዲስ ካሶኒ ሥራ የተከፈለባቸውን ደረሰኞች ያቅርብ። ገማች ከመኪናው ዕድሜ በቀር የማያውቀውን ነገር ደረሰኝ ያሳውቀዋል። ጋራዥ በሄደ ቍጥር ደረሰኝ ሳይቀበል የወጣ ነጋዴ ግን መኪናውን ምን ያህል እንደ ተንከባከበ የሚመሰክርለት የለም።

ሦስተኛው የመኪናው ቅሪት ነገር ነው። ድርጅቱ ሙሉ ካሳ ከፍሎ ቅሪቱን ሊወስድ ይችላል፤ ወይም ቅሪቱን ለባለንብረቱ ትቶ ዋጋውን ከካሳው ላይ ይቀንሳል። ብዙ ነጋዴ የሚጎዳው በዚህ ላይ ነው። የካሳው መነሻ 3,000,000 ብር ሆኖ ቅሪቱ በ900,000 ብር ቢገመት፣ ለነጋዴው የሚተርፈው 2,100,000 ብርና የተሰባበረ ብረት ነው። ያ ብረት በጨረታ 500,000 ብር ብቻ ቢያወጣ 400,000 ብር ከሰረ ማለት ነው። ስለዚህ ነጋዴው የቅሪቱ ዋጋ በግምት ሳይሆን በእውነተኛ የገዢ ዋጋ እንዲታሰብ ይጠይቅ፤ ግምቱ ከፍ ያለ መስሎ ከታየውም «ይህን ያህል የሚያወጣ ከሆነ ድርጅቱ ራሱ ይውሰደው» ማለት የሚገባ መልስ ነው።

መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ ካሳው አስቀድሞ ወደ ባንኩ እንደሚሄድ መታወቅ አለበት። ዕዳው ከካሳው የሚበልጥ ከሆነ ነጋዴው መኪናም ገንዘብም ሳይኖረው ወለድ ይከፍላል። መኪናው ቆሞ የቀረበት የሥራ ገቢም በተለይ ካልተዋዋሉበት በቀር ከካሳው ውስጥ አይገባም። በዚህ ጭንቀት ላይ ያለ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ለመፈረም ይቸኵላል። ነገር ግን «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚለው ሰነድ ከተፈረመ በኋላ የሚነሣ አቤቱታ ሰሚ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። ሁለቱ ወገኖች ያልተከራከሩበት ገንዘብ ቀድሞ እንዲከፈል፣ የቀረው በክርክር እንዲቈይ በጽሑፍ መጠየቅ ከችኰላ ፊርማ ይሻላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ነጋዴው እጁ ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል። ለራስ ዕቃ ማመላለሻ ተብሎ ዓረቦን የተከፈለበትን መኪና በኪራይ ማሠራት፣ በገበያ ቀን በእህል ጆንያ ላይ ሰው መጫን፣ ለመኪናው ደረጃ የማይበቃ መንጃ ፈቃድ ላለው ሾፌር ቍልፍ መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ ካሳ ሊያስከለክሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በሕግ የሚያስገድደውን የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ገብቶ «መድን አለኝ» ብሎ የሚዝናና ሰውም ራሱን ያታልላል፤ ያ መድን በሌላው ላይ ለደረሰው ጉዳት እንጂ ለገዛ መኪናው አንድ ብር አያስከፍልም።

ስምምነት ባልተገኘ ጊዜ መንገዱ አልተዘጋም። ነጋዴው በድርጅቱ ውስጥ ለበላይ ኃላፊ አቤት ይበል፤ የመድን ድርጅቶችን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቈጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነውና ለእርሱም አቤቱታ ሊቀርብ ይችላል። በብዙ ፖሊሲዎች ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ይገኛል፤ ይህም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1237 ሥርዓቱ ተደንግጎአል። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። የሸዋ ሰው በሽማግሌ መታረቅን ያውቅበታል፤ ሽማግሌ ግን ሁለቱ ወገኖች ማስረጃ ይዘው ሲቀርቡለት ነው ፍርዱ የሚቀናው።

አንድ ነጋዴ ብቻውን የገበያውን ዋጋ ለማስረዳት ይቸግረዋል፤ ብዙ ነጋዴዎች በአንድነት ግን ይችላሉ። የንግድ ምክር ቤቶች በየሦስት ወሩ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ የሚሸጡትን የጭነት መኪናዎች ዋጋ በዐይነትና በተሠሩበት ዘመን ለይተው ቢመዘግቡና ለአባሎቻቸው ቢያድሉ፣ ይህ ሰንጠረዥ በእድሳት ቀን ለነጋዴው መመሪያ፣ በአደጋ ቀን ደግሞ ለገማቹ መነጋገሪያ ይሆናል። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያድነው ግን የአንድን ቤት ሙሉ መነገጃ ነው። አንድ መኪና ብቻ ላለው ነጋዴ ያ መኪና የልጆቹ ትምህርት፣ የሠራተኞቹ ደመወዝ፣ የሱቁም ዕቃ ነውና።

የቀድሞ ሰዎች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይሉ ነበር። ይህን የሚያነብ ባለመኪና ነጋዴ ፖሊሲውን ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጥቶ፣ የተጻፈውን የመድን መጠን መኪናው ዛሬ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ያስተያየው። ሁለቱ ቍጥሮች ከተራራቁ እስከ እድሳቱ ቀን ሳይጠብቅ ለድርጅቱ ይጻፍ። የጣርማ በር ጭጋግ የእድሳት ቀን አይጠብቅም።